ተማሪዎችን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አልትራሳውንድ ሲያስተምሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ከሚማሩት የሕክምና ተማሪዎች ብዙዎቹ ነገ የሚሠሩት ሲቲ ስካን በሌለበት ሆስፒታል ነው። እዚያ ባጃጅ የተገለበጠበት፣ ከዛፍ የወደቀ ወይም በሬ የወጋው ሰው ሲመጣ ሆዱ ውስጥ ደም መኖሩን ቶሎ የሚጠቁማቸው አልትራሳውንድ ነው። ስለዚህ አሁን እንዴት እንደምናስተምራቸው በጣም ያሳስበኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ጥያቄ ሳይኖር ፕሮብ (ገላ ላይ የሚደረገውን የማሽኑን እጀታ) ማስያዝ ነው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የምንፈልገው አጭር መልስ ነው። ሆድ ውስጥ ፈሳሽ አለ? ልብ ዙሪያስ? ሳንባው ከደረት ግድግዳ ጋር ይንሸራተታል? ተማሪው ጄል ከመቀባቱ በፊት ጥያቄውን ጮክ ብሎ ይናገር። ያለዚያ ሆዱን ሙሉ ሲያስስ ይቆያል።

ሁለተኛው፣ ፕሮቡን ራስዎ ይዘው ማሳየት ነው። ከኋላ ቆሞ ስክሪን የሚያይ ተማሪ እጁ አይለምድም። ይያዘው፣ ይሳሳት፣ እርስዎ በቃል ይምሩት። የፕሮቡ ምልክት ወዴት እንደዞረ በየጊዜው ይጠይቁት። ምስሉ አልታይ ሲል ብዙዎቹ ብርሃኑን ይጨምራሉ። ስክሪኑ ሲነጣ ደግሞ ጥቁር ሆኖ መታየት የነበረበት ትንሽ ፈሳሽ ይጠፋል። መጀመሪያ ጥልቀቱን ያስተካክሉ ይበሏቸው።

እርስ በርስ ብቻ ማለማመድም አይበቃም። ጉበትንና ኩላሊትን ለማግኘት ጥሩ ነው፤ ግን ጤነኛ ሆድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፈሳሽ አይታይም። ዋርድ ውስጥ በጉበት ሕመም ሆዳቸው ውሃ የቋጠረ ታካሚዎች አሉ። ፈቃዳቸውን ጠይቀው ያሳዩ። እግረ መንገድዎን ማሽኑ ደምን ከሌላ ፈሳሽ በቀጥታ እንደማይለይ ያስረዱ። ጣና ዙሪያ ጉበትን የሚጎዳው ቢልሃርዚያ የቆየ ችግር ነው። ጉበቱ የተጎዳ ሰው አደጋ ደርሶበት ቢመጣ ፈሳሹ ከአደጋው በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም የምፈራው «ነጻ ነው» የምትለውን ቃል ነው። በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል ፈሳሽ በደንብ እንዲታይ ብዙ ጊዜ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ መጠራቀም አለበት። አደጋው እንደደረሰ የመጣ ሰው ገና ያን ያህል ላይደማ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው የጉበትን የታችኛ ጫፍ ሳያይ አይለፍ፤ ፈሳሽ ቀድሞ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የአንጀት መበሳትንና ከሆድ ዕቃ በስተጀርባ የሚፈስ ደምን ደግሞ ይህ ምርመራ በቀላሉ ይስታቸዋል። ከሞጣ ባሕር ዳር ሪፈር የተባለ ቁስለኛ መንገድ ላይ ሊለወጥ ይችላል። ሲደርስ እንደገና ይታይ፣ የደም ግፊቱ ሲወርድ ወይም ሆዱ ሲነፋም እንደዚሁ። ሪፈር ወረቀቱ ላይ «በዚህ ሰዓት ፈሳሽ አልታየም» ተብሎ ከነሰዓቱ ይጻፍ። ተቀባዩ ሐኪም ከዚያ ይነሳል።

ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ቀድሞ ማስገባትም ያበላሻል፤ የሞላ ፊኛ ዳሌ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ለማየት ይረዳል። በመውለድ ዕድሜ ያለች ሴት ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ከታየ የእርግዝና ምርመራ ወዲያው ይሠራ። እርግዝና ካለና ማህፀን ውስጥ ካልታየ ከማህፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ሲኒየር ይጠራ።

እየደማ ባለ ሰው ላይ ረጅም ትምህርት አይስጡ። ኦክስጅኑም ደሙም በአልትራሳውንድ ምክንያት መዘግየት የለበትም። ምስሉን ያስቀምጡና ታካሚው ሲረጋጋ ከተማሪዎቹ ጋር ይዩት።

በመጨረሻ፣ ታካሚውን ማናገር ያስተምሩ። «እናቴ፣ ቀዝቃዛ ነገር ልቀባዎት ነው፤ ጨረር የለውም» ማለት ጊዜ አይፈጅም። የማይታየው ገላ ይሸፈን። ጄሉን ያው ተማሪ ይጥረገው፤ ፕሮቡንም ወደ ሌላ አልጋ ከመሄዱ በፊት አምራቹ በፈቀደው ማጽጃ ያጽዳው።