ዝዝ የሚለው ከየት ነው? በድሬዳዋ ቤትና ደጅ የሚሰማ ድምፅ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ድሬዳዋ ላይ ሌሊት መስኮት ዘግቶ የሚተኛ ሰው ጥቂት ነው፤ ሙቀቱ አያስተኛም። መስኮቱ ሲከፈት ደግሞ የጎረቤት ፓምፕ፣ የመንገዱ ትራንስፎርመር፣ የራስ ፍሪጅና የትንኝ ድምፅ ተቀላቅለው ትራስ ድረስ ይመጣሉ። ወፍራም ድምፅ በግድግዳና በቆርቆሮ ላይ እየነጠረ ስለሚዞር ጆሮን ብቻ ተከትሎ ምንጩን ማግኘት ያስቸግራል።

ስለዚህ ዕቃ ከመፍታት በፊት ዋናውን ብሬከር ያውርዱ። ወይም መብራት እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ ይህን ያህል ጊዜ ነጻ ምርመራ የሚያደርግልን የለም። ብሬከሩ ሲወርድ ድምፁ አብሮ ከጠፋ ምንጩ እርስዎ ቤት ውስጥ ነው። ብሬከሩ ወርዶ ድምፁ ከቀጠለ፣ ሰፈሩ ሲጨልም ግን ካቆመ፣ የጎረቤት ሞተር ወይም የመንገዱ ትራንስፎርመር ነው። ሰፈሩ ጨልሞም ከቀጠለ ነፍሳት፣ ነፋስ ወይም የራስዎ ጆሮ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚጀምር ከሆነማ የአንዱ ሱቅ ጄኔሬተር ነውና ፍለጋውን ይተዉት።

ቬንቲሌተሩ እምም ይላል፣ ክንፉ ግን አይዞርም

በዚህ ከተማ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው። ማብሪያውን አጥፍተው ክንፉን በጣት ይግፉት። ከብዶ እየተንቀራፈፈ የሚዞር ከሆነ ኩሽኔታው ደርቋል ወይም አቧራ በልቶታል፤ ማጽዳትና ግሪስ መቀባት፣ ካልሆነም መቀየር ነው። ክንፉ ቀልሎ የሚዞር፣ ማብሪያው ሲበራ ግን ቆሞ የሚያጉረመርም፣ በረጅም እንጨት ሲገፉት ደግሞ የሚነሳ ከሆነ ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ፣ ካፓሲተሩ፣ ደክሟል። ዋጋው ትንሽ ነው። ሲገዙ በላዩ የተጻፈው የማይክሮፋራድ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ይዩ። «ይህ ትንሽ ይበልጣል፣ የተሻለ ያዞራል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ አይስሙት፤ ሞተሩ ይግላል። ካፓሲተር መብራት ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጫፎቹን በእጅ አይንኩ።

እየዞረም የሚጮህ ቬንቲሌተር አለ። በዝቅተኛ ፍጥነት ብቻ ከሆነ የሚጮኸው ምክንያቱ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ነው፤ አንዳንዱ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ስለሚያስተላልፍ ሞተሩ ይንዘፈዘፋል። በሁሉም ፍጥነት ከሆነ መስቀያውን ይፈትሹ፤ የላላ ብሎን ኮርኒሱን በሙሉ ድምፅ ማጉያ ያደርገዋል።

ፍሪጁ ለጥቂት ሰከንድ አጉረምርሞ ቀጭ ብሎ ይቆማል

ትንሽ ቆይቶም ይደግመዋል። ኮምፕሬሰሩ ለመነሳት ሞክሮ አቅቶት፣ መከላከያው ኤሌክትሪኩን ቆርጦበት ነው። ሰው ሁሉ ፍሪጁ ሞተ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ እኔ ግን መጀመሪያ በቴስተር ሶኬቱን እለካለሁ። ማግኘት ያለብን 220 ቮልት ነው። በሙቀት ወራት ሰፈሩ በሙሉ ቬንቲሌተር ሲያበራ ከዚያ ብዙ ዝቅ ይላል፤ ከ180 በታች ከወረደ ኮምፕሬሰሩን ማስገደድ ማቃጠል ነው። መፍትሔው ነቅሎ መጠበቅ ወይም ለፍሪጁ ኃይል የሚመጥን ስታቢላይዘር መግዛት ነው። ቮልቴጁ ደህና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ማስነሻው ሪሌ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጠጋኝ ይጠሩ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጁን ወዲያው አይሰኩ። ውስጡ ያለው ግፊት እስኪስተካከል አምስት ደቂቃ ይስጡት። ኮምፕሬሰሩ በደንብ እየሠራም ድምፁ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያርቁት፣ እግሮቹን ያስተካክሉ፣ ከኋላው ያለውን አቧራ ይጥረጉ።

አምፖል፣ ስፒከርና ሶኬት

ረጅሙ ፍሎረሰንት የሚያጉረመርመው ኤሌክትሪኩን በሚመጥንለት ዕቃ፣ በባላስቱ፣ ምክንያት ነው፤ ብሎኑን ማጥበቅ ካልረዳ በኤልኢዲ መቀየር ይሻላል። ስፒከር ውስጥ የሚሰማ ወፍራም እምምታ ብዙውን ጊዜ ቴሌቪዥኑና ማጉያው በተለያየ ሶኬት ስለተሰኩ ነው፤ ሁለቱንም ከአንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰኩ።

ሶኬት ወይም ብሬከር ዝዝ ሲል ግን ቀልድ የለም። ኤሌክትሪኩ በላላው ሽቦ ክፍተት እየዘለለ እያቃጠለ ነው። ምጣድ የሚሰካበትን ሶኬት ይዩት፤ የስፒናው ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ፣ ፕላስቲኩ ለስልሶ፣ የተቃጠለ ዓሣ የመሰለ ሽታ ካለው ዋናውን ያውርዱና በዚያው ቀን ኤሌክትሪሻን ያስገቡ። በካቻቢቴ ማጥበቅ ብቻ እዚህ ላይ አይሠራም፤ የተቃጠለው ሽቦ ተቆርጦ ሶኬቱ መቀየር አለበት።

ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ውኃ ግን የለም

ጣሪያ ላይ ወዳለው ታንከር ውኃ የሚገፋው ፓምፕ እንደ ቬንቲሌተሩ በካፓሲተር ይታመማል። እዚህ ግን ሌላ ጠላት አለ፤ የድሬዳዋ የጉድጓድ ውኃ ኖራው ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚነባበረው ነጭ ቅርፊት በፓምፑ ውስጥም ይነባበራል፣ ለጥቂት ሳምንታት ሳይሠራ ከቆየም ክንፉን አስሮ ይይዘዋል። ይንቀሉት፣ ከኋላ ባለው ሽፋን በኩል ዘንጉን በካቻቢቴ ያዙሩት። ከተላቀቀ ይሠራል። ውኃ ሳይኖር እየዞረ የሚጮህ ከሆነ ግን ፈጥነው ያጥፉት፤ ውኃ እንዳያፈስ የሚይዘው ማኅተም (ሲል) ይቃጠላል።

ከደጅ፣ ከፖሉ የሚመጣው

ትራንስፎርመር ሁሉ ያጉረመርማል። የኤሌክትሪካችን ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ የውስጡ ብረት ሁለት ጊዜ ስለሚሳብ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ የምንሰማውም እሱን ነው። ምሽት ላይ ጭነት ሲበዛ ከፍ ማለቱም ጤናማ ነው። እንደ ጥብስ የሚንጫጫ፣ ብልጭ የሚል ወይም ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ይራቁና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ይደውሉ። ከረጅም የአቧራ ጊዜ በኋላ የመጀመሪያው ካፊያ ሲወርድ ሽቦ የሚሸከሙት ሲኒዎች ዝዝ ይላሉ፤ የረጠበው አቧራ ኤሌክትሪክ እያሾለከ ነው። ጥሩ ዝናብ ካጠባቸው ያቆማሉ።

መብራት ቢጠፋም የማይቆመው

ኮርኒስ ውስጥ ቀን ላይ የሚበረታ፣ ሲመሽ የሚቀንስ ጢዝታ ንብ ነው። ዛፍ ወይም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያረፈ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይሄዳል፤ አይንኩት፣ ልጆችን ያርቁ። በቆርቆሮው ስንጥቅ እየገባ የሚወጣ ከሆነ ግን ቤት ሠርቷል። ጭስና ቤንዚን ይዞ የሚመጣ ደፋር አይጠፋም፤ ንቡም ቤቱም አብረው ይነዳሉ። ቀፎ ያለው ንብ አናቢ ጠርቶ በጨለማ ማስወጣት፣ ከዚያም ሰምና ማሩን አውጥቶ ስንጥቁን መድፈን ነው። ሰሙ ከቀረ ሌላ መንጋ ይመጣል። በረንዳው እንጨት ላይ ጣት የሚያህል ክብ ቀዳዳ፣ ከሥሩም የእንጨት ዱቄት ካዩ እንጨት የሚበሳው ትልቅ ጥቁር ንብ ነው፤ ንቡ ሲወጣ ቀዳዳውን ደፍነው እንጨቱን ቀለም ይቀቡ።

የትንኝን ድምፅ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ ከየት እንደሚመጣ ግን ብዙ ሰው ተሳስቷል። ቆሻሻ ኩሬ ብቻ የሚፈልጉ ይመስለናል። በ2013 ድሬዳዋ ውስጥ የደንጊ ትኩሳትን፣ በ2019 የቺኩንጉኒያ በሽታን ያስተላለፈችው ኤዴስ የተባለች ትንኝ የምትፈለፈለው እኛው ባጠራቀምነው ንጹሕ ውኃ ነው፤ የምትናከሰውም በቀን ነው። በ2022 ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት የሆነችው ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝም እንዲሁ በታንከርና በበርሜል ትራባለች። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የታንከሩን ክዳን ይግጠሙ፣ የትርፍ ውኃ ቱቦውን አፍ በወንፊት ሽቦ ይሸፍኑ። በርሜሉን በየሳምንቱ ባዶ አድርገው ግድግዳውን በብሩሽ ይፈትጉት፤ የኤዴስ እንቁላል ደርቆም ተጣብቆ ይቆያል፣ ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል።

ነፋስ ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ፉጨትና እምምታ ከላላ ቆርቆሮ፣ ከዲሽ ወይም ከተወጠረ ሽቦ ነው። ምስማር ከጎማ ጋር መጨመር ይበቃል።

የትም ቢሄዱ የሚከተልዎ ድምፅ

ጆሮዎን በጣትዎ ይድፈኑ። ድምፁ ካልቀነሰ፣ እንዲያውም ከጎላ፣ ከውስጥ ነው። የጆሮ ኩክ፣ ለረጅም ጊዜ የተሰማ የወፍጮ ወይም የጄኔሬተር ጩኸት፣ ለወባ የተወሰደ ኪኒን፣ የበዛ አስፕሪን ያመጡታል። ኩኩን በክብሪት እንጨት አይቆፍሩ፤ ጤና ጣቢያ ያጥቡልዎታል። መድኃኒት ከጀመሩ ወዲህ የመጣ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ እንጂ በራስዎ አያቋርጡ። በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ ወይም መስማትዎ በድንገት ከቀነሰ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።