«ጌት»ን «አገኘ» ብላችሁ ብቻ አትሸምድዱ

እንግሊዝኛ ስንጀምር ደብተራችን ላይ «ጌት ማለት ማግኘት ነው» ብለን ጽፈናል። ስህተት አይደለም። ግን ብዙ ሰው እዚያው ላይ ቆሞ ይቀርና አንድ ቀን «ኢትስ ጌቲንግ ኮልድ» ሲባል ማን ምን እንዳገኘ ግራ ይገባዋል።

እስቲ የእኛን «ያዘ» አስቡት። ታክሲ ያዝኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ፣ ወረፋ ያዝኩ፣ ጉንፋን ያዘኝ እንላለን። በእጃችን የጨበጥነው ነገር የለም፤ ትርጉሙን የሚሰጠው አብሮት ያለው ቃል ነው። ጌትም እንደዚያው ነው፤ ስታገኙት ቶሎ ብላችሁ ቀጥሎ የመጣውን ቃል እዩ።

የመጣው ዕቃ ወይም ነገር ከሆነ አገኘ፣ ተቀበለ ወይም ገዛ ነው፦ «አይ ጎት ኧ ጆብ»፣ ሥራ አገኘሁ («ጎት» የጌት ያለፈ ጊዜ ነው)። ቦታ ከሆነ ደረሰ ነው፦ «አይ ጎት ሆም ሌት»፣ አምሽቼ ቤት ገባሁ። ሁኔታን የሚገልጽ ቃል ከሆነ ደግሞ ለውጥ ነው፤ ያ «ኢትስ ጌቲንግ ኮልድ» እየቀዘቀዘ ነው ማለት ነው፣ «አይ ጎት ታየርድ» ደግሞ ደከመኝ። «አይ ጌት ኢት» ካሏችሁ ገብቷቸዋል።

አሁን ሰው የሚፈራው ጋ ደረስን፤ እኔ ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉም የሚቀለው ይሄ ይመስለኛል። ሥራውን ሌላ ሰው ሲሠራልን ግሡ ላይ «አስ» እንጨምር የለ? ጠገንኩ፣ አስጠገንኩ። እንግሊዝኛ ያንን «አስ» በጌት ይለዋል፦ «አይ ጎት ማይ ፎን ፊክስድ»፣ ስልኬን አስጠገንኩ። «አይ ፊክስድ ማይ ፎን» ካላችሁ ግን ራሴ ፈትቼ ጠገንኩት ማለታችሁ ነው፣ ሰሚውም እንደዚያ ነው የሚረዳችሁ። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ጌት፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ መጨረሻ ላይ የግሡ ሦስተኛ ቅርጽ ነው («ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ስንል ሦስተኛው «ጎን» እንደሆነው)። የራሳችሁን አምስት ዓረፍተ ነገር ሥሩ፤ ልብስ አሰፋሁ፣ መኪና አሳጠብኩ፣ እያላችሁ።

መጓጓዣ ላይ አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን ስንሳፈር «ጌት ኦን»፣ ስንወርድ «ጌት ኦፍ» ነው፤ መኪናና ታክሲ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት»። ውስጡ ቆማችሁ መራመድ የምትችሉበት ከሆነ «ኦን» በሉ።

ትዳር ላይ ተጠንቀቁ። እኛ «ከእሷ ጋር ተጋባሁ» ስለምንል «ጌት ማሪድ ዊዝ» ይመጣብናል፤ ትክክሉ «ጌት ማሪድ ቱ» ነው።

አሜሪካ ያላችሁ «ጎተን» የሚል ስትሰሙ አትደንግጡ፣ የጌት ሦስተኛ ቅርጽ እዚያ እንደዚያ ነው፤ እንግሊዞቹ «ጎት» ይላሉ። የሥራ ማመልከቻ ስትጽፉ ግን ጌትን ቀንሱ፤ ደብዳቤ ደርሶኛል ለማለት «ሪሲቭድ» ይሻላል፣ ሆንኩ ለማለት «ቢኬም»።