የሰብአዊ መብት ሕግ ስናስተምር የምንደጋግማቸው ስህተቶች

ትምህርቱን ከሩቅ መጀመር። አዳዲስ መምህራን የኮርስ አውትላይናቸውን ሲያሳዩኝ ሳልገልጠው አውቀዋለሁ፦ ማግና ካርታ፣ የፈረንሳይ አብዮት፣ የእ.ኤ.አ. 1948ቱ ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ፣ ቀጥሎ ሦስቱ የመብት ትውልዶች (የሲቪልና የፖለቲካ፣ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ፣ የጋራ መብቶች)። የእኛው ሕገ መንግሥት ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ይመጣል፤ ያውም ክፍለ ጊዜ ከተረፈ። ትውልዶቹን በቃሉ የሚያነበንብ ተማሪ ጎረቤቱ ፖሊስ ጣቢያ ሦስት ቀን ሲያድር ምን ብሎ አቤቱታ እንደሚጽፍ አያውቅም። ኧረ ጎበዝ፣ ስለ ተያዘ ሰው መብት ከሚያወራው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ጀምሩ!

እኔ የምሰጣቸው ጥያቄ ይኼ ነው። አንድ ሰው ዓርብ ማታ 12 ሰዓት ደቅ ደሴት ላይ ተያዘ። ጣና ማዕበል ተነሥቶበት ጀልባ እስከ ቅዳሜ ቀትር አልተንቀሳቀሰም። ሰውየው ባሕር ዳር ፍርድ ቤት የቀረበው ሰኞ ከሰዓት 9 ሰዓት ነው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ የሚሰጠው 48 ሰዓት አልፏል? ንዑስ አንቀጽ 3 ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት በአግባቡ የሚያስፈልገውን ጊዜ አይቆጥርም፤ ስለ ቅዳሜና እሁድ ግን ምንም አይልም። ማዕበሉስ ከጉዞው ይቆጠራል? ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። የ1954ቱን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 29 እና 59፣ የተያዘን ሰው ስለ ማቅረብና ስለ ቀጠሮ የሚያወሩትን፣ ማንም ሳያዝዛቸው ይገልጣሉ። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ (ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት የሚጠየቅበት) ግን እዚያ እንደሌለ፣ ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 177 ላይ እንዳለ ሲያገኙ ፊታቸውን ብታዩት!

ሁሉን ጉዳይ ጄኔቫ፣ ለተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ መላክ። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1993 ተቀብላለች፤ ለግለሰብ አቤቱታ በር የሚከፍተውን አማራጭ ፕሮቶኮል ግን አልተቀበለችም። ተማሪው ለጄኔቫ የጻፈው አቤቱታ እዚያው ውድቅ ይሆናል። ባንጁል፣ ጋምቢያ ያለው የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አለላችሁ፤ መጀመሪያ የሀገር ውስጥ መፍትሔ ተሟጦ።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 9(4)ን (የጸደቁ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው የሚለውን) እና 13(2)ን (መብቶቹ ከዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር ተጣጥመው ይተርጎሙ የሚለውን) ለየብቻ ማስተማር። አብረው ካልተነበቡ ስምምነቶቹ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ።

የነፃ ሕግ ድጋፍ ደንበኛን መዝገብ ስሙን ብቻ ቀይሮ ክፍል ውስጥ ማንበብ። ባሕር ዳር እኮ ትንሽ ከተማ ናት! ቀበሌውንና የባጃጁን ነገር ስታነሱ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ አጎቱን ያውቀዋል።

የኢኮኖሚ መብቶችን "የፖሊሲ ጉዳይ" ብሎ ማለፍ። ጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ የሚሠሩበትን ደንገል የሚያጭዱበት ዳርቻ ለመንግሥት ፕሮጀክት ተሰጠ እንበል። አንቀጽ 44(2) ኑሮው ለተነካበት ሰው ማካካሻ ይሰጣል። መሬቱ በስማቸው ባይመዘገብስ? አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይበላል፤ ይብላ። ለመስክ ስትወጡ ታዲያ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፤ ሰዎቹ ለጉብኝት አልተቀመጡም።

ፈተና ላይ "ዘርዝር" ማለት። "የተያዘ ሰው መብቶችን ዘርዝር" ከምትሉ የደቁን ሰውዬ ስጧቸውና ለሰኞው ችሎት የሚቀርብ የአንድ ገጽ አቤቱታ አስጽፉ። ማረሙ ያደክማል፤ ለሁለት ተካፈሉት።