«ቱን» ሁሉ ከተማ አይደለም

የስኮትላንድ የድሮ ግጥም ወይም ታሪክ የሚያነብ ሰው «ቱን» ከሚል ቃል ጋር ደጋግሞ ይገናኛል። በስኮትስ ቋንቋ ከተማ ማለት ነው። ችግሩ፣ ከተማ ማለት ብቻ አለመሆኑ ነው።

ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው፦ ቃሉን ባገኙበት ሁሉ «ከተማ» ብሎ መተርጎም። ጥንት ቃሉ የታጠረ ግቢ ማለት ነበር። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብዙው የቆላማው ስኮትላንድ ገበሬ «ፈርም ቱን» ውስጥ ይኖር ነበር። ጥቂት ቤተሰቦች ቤታቸውን አጠጋግተው ይሠራሉ፤ መሬቱን ከባለርስቱ በጋራ ይከራያሉ። ለሙ ለአንዱ፣ ጭንጫው ለሌላው ብቻ እንዳይደርስ የእያንዳንዱ ማሳ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ይሰጣል። ከባዱ ማረሻ ብዙ በሬ ስለሚፈልግ ጎረቤት ከጎረቤት በሬ አቀናጅቶ ያርሳል። ይህን «ከተማ» ካላችሁት አንባቢው ፍጹም ሌላ ነገር ያያል። «ጎጥ» ወይም «መንደር» በሉት። በሰሜን ምሥራቅ፣ በአበርዲንሺር በኩል፣ ቃሉ ለእርሻ ግቢ ቀርቷል። የእርሻ ሠራተኛው «ወደ ቱኑ ተመለስኩ» ካለ ገበያ አልወጣም፤ ቤቱና በረቱ ወዳለበት ግቢ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው የንባብ ስህተት ነው። እንደ እንግሊዝኛው «ታውን» አትበሉት። እንግሊዝ ውስጥ ድምፁ ሲለወጥ ስኮትስ የድሮውን ይዞ ቀረ። ቤት «ሁስ»፣ አይጥ «ሙስ»፣ ላም ደግሞ «ኩ» ናት። ግጥም ላይ «ቱን» ከ«ዱን» (ወደ ታች) ጋር ቤት ይመታል፤ «ታውን» ብላችሁ ካነበባችሁት ግጥሙ ይሰበራል።

ቃሉን ጌሊክ ነው የሚሉም አሉ። አይደለም። ጌሊክ የአየርላንድኛ ዘመድ ነው፤ ስኮትስ ግን ከእንግሊዝኛ ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው።

የቦታ ስም ላይ «ቱን» አጥሮ «ተን» ይሆናል። ኪርክተን ቤተ ክርስቲያን ያለበት መንደር ነው፤ ሚልተን ወፍጮ ያለበት። ግን በ«ተን» ያለቀ ሁሉ ከዚህ አልመጣም። ደምባርተን «የብሪተኖች ምሽግ» ከሚል የጌሊክ ስም የመጣ ነው።

«ቱን»ንና «በራ»ን አንድ ማድረግም ያሳስታል። «በራ» የሕግ ስም ነው፦ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ከንጉሥ ቀዳማዊ ዴቪድ ዘመን ጀምሮ፣ የንግድና የገበያ መብት በቻርተር የተሰጠው ከተማ። ይህ አስተዳደራዊ እርከን እ.ኤ.አ. በ1975 ቀርቷል። ኤደንብራን «ኤዲንበርግ» ማለትም ስህተት የሚሆነው መጨረሻው ይኸው ቃል ስለሆነ ነው።

በመጨረሻ ቅጽል ስሞቹን ካርታ ላይ አትፈልጉ። «ላንግ ቱን»፣ ረጅሙ ከተማ፣ ማለት ኪርኮዲ ናት፤ በባሕሩ ዳር በተዘረጋው ረጅም መንገዷ ምክንያት። «ኦነስት ቱን»፣ ታማኙ ከተማ፣ ደግሞ መስልብራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1332 የአገሪቱ እንደራሴ ቶማስ ራንዶልፍ እዚያ ታሞ ሲሞት ነዋሪዎቹ አስታመሙት፤ ለዚህም ሽልማት ሲቀርብላቸው አንቀበልም አሉ ይባላል።