በወረርሽኝ ጊዜ በረንዳ አዳሪዎችን መርዳት፦ ከደብረ ብርሃን ውርጭ እስከ ሸዋሮቢት ሙቀት

«ከቤት አትውጡ፣ እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» የሚለው ምክር ቤት ላለው ሰው የተነገረ ነው። በረንዳ አዳሪ የሚዘጋው በርም የሚከፍተው ቧንቧም የለውም። የሚበላው ደግሞ ሌላው ሰው ከቤቱ ሲወጣ ነው፤ መናኸሪያ ላይ ዕቃ ይሸከማል፣ ደጀ ሰላም ይቀመጣል፣ ከምግብ ቤት ትርፍራፊ ይቀበላል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ ስብሰባ ሲከለከል፣ ተዝካሩም ሠርጉም ሲቀር፣ የዚህ ሰው ጓዳ አብሮ ተዘጋ። ስለዚህ የዕርዳታው ቅደም ተከተል ምግብ፣ ደረቅ መኝታ፣ ከዚያ በኋላ ስለ በሽታው ማውራት ነው። የራበው ሰው የታደለውን ማስክ ሸጦ ዳቦ ቢገዛበት አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ነገር፣ ሰዎቹን ወደ ዕርዳታው አትጥሩ፤ ዕርዳታውን ወደሚያድሩበት ውሰዱ። አደባባይ ላይ መኪና አቁሞ ማደል በግማሽ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው ያጋፋል። ጉልበት ያለው ሁለት ጊዜ ይወስዳል፣ ሽማግሌውና ነፍሰ ጡሯ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፣ በሽታውም ከሁሉም ጋር አብሮ ይሰለፋል።

መጀመሪያ ቆጠራ

ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ፣ ሰው ቦታ ቦታውን ሲይዝ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ውጡ። ከዚያ በላይ አትብዙ፤ ብዙ ሰው ከመጣ አፈሳ ይመስላቸዋል። በዚሁ ምክንያት ከፖሊስ ጋር ወይም በመንግሥት መኪና አትሂዱ። የተኛን ሰው በባትሪ ፊቱን አታብሩበት፣ በእግር አትነካኩት። ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ቁጢጥ በሉና «አባባ፣ እንደምን አመሹ?»፣ «እማማ፣ በርትተዋል?» በሉ። በዕድሜ ከእናንተ የሚያንሰውን ወንድሜ፣ እኅቴ ማለት ይበቃል። በመጀመሪያው ምሽት ሙሉ ስም አትጠይቁ፤ ፎቶ ደግሞ በማንኛውም ምሽት አታንሡ።

ደብተራችሁ ላይ የሚሰፍረው የሚያድሩበት ቦታ፣ አብረው የሚያድሩት ብዛት፣ ሕፃንና አረጋዊ መኖሩ፣ ነፍሰ ጡር መኖሯ፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለበት ሰው፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው። አንድ ላይ የሚያድሩትን እንደ አንድ ቤተሰብ ቁጠሯቸው። አራት ልጆች ተጠጋግተው የሚተኙት ብርዱን ለመቋቋም ነው፤ «ተራራቁ» ብትሏቸው እናንተ ስትሄዱ መልሰው ይጠጋጋሉ፣ ትክክልም ናቸው። የእናንተ ሥራ አንዱ ቡድን ከሌላው ቡድን ጋር እንዳይቀላቀል ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ሁልጊዜ የሚሄዱት እነዚያው ሁለት ሰዎች ይሁኑ። ፊት ይለመዳል፤ ከእናንተ አንዱ ቢታመምም ማንን እንዳገኘ ማወቅ ቀላል ይሆናል።

መኝታ የሚጀምረው ከታች ነው

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። መሐል ሜዳና ሰላ ድንጋይም ብርዳቸው የታወቀ ነው። በዚህ አገር ብርድ ልብስ ብቻ መስጠት ግማሽ ሥራ ነው። ሙቀቱን የሚወስደው ከላይ ያለው አየር ብቻ አይደለም፣ ከታች ያለው ሲሚንቶም ነው። ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አንዱን ከታች ቢያነጥፈው ሁለቱንም ከላይ ከደረበው ይልቅ ይሞቀዋል።

ከሁሉ የሚረክሰውና የሚሻለው ፍራሽ የገብስ ጭድ ነው። ሁለት የኩንታል ማዳበሪያ ከረጢት አፍ ለአፍ አጋጥማችሁ በወስፌና በሲባጎ ስፉ፤ ጎኑ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሳትሰፉ ተዉት። ደረቅ ጭድ ሙሉበትና ውጡበት፤ ተረግጦ ከአንድ ስንዝር በታች ከወረደ ጨምሩ። መክፈቻውን አትስፉት፣ በገመድ እሰሩት፤ ጭዱ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ከሥሩ ካርቶን፣ ከካርቶኑ ሥር ላስቲክ ይነጠፍ። ከላይ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ ከተገኘ የመንዝ ባና (ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ)።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ላስቲኩ ላይ ነው። ሰው ዝናብ ፈርቶ ላስቲኩን ሰውነቱ ላይ ይጠቀልለዋል፤ ሌሊት ትንፋሹና ላቡ ውስጡን ያረጥበውና ንጋት ላይ ከውጭ ካደረው የባሰ ይበርደዋል። ላስቲክ ከታች ይሁን፤ ከላይ ከሆነ ደግሞ ሰውነት ሳይነካ እንደ ጣሪያ ይወጠር። ስፖንጅ ፍራሽ አትግዙ። አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፣ ቅማል ከገባበት አይጸዳም። ጭዱ ግን ይቃጠላል፣ ከረጢቱ ይታጠባል፣ በማግስቱ አዲስ ይሞላል። አንድ ጉድለት አለው፤ እሳት ይወዳል። ከሰል የሚያነድዱ ወይም ሲጋራ የሚያጨሱ ካሉ ይህን በግልጽ ንገሯቸው።

ቁልቁል ወደ ሸዋሮቢት ስትወርዱ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ከተማዋ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው አንሶላ፣ አጎበርና የመጠጥ ውኃ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የተዘጋጀውን ጥቅል እንዳለ ጭኖ ሸዋሮቢት ማውረድ ብርድ ልብሱን ለገበያ ማቅረብ ነው። አጎበር ለመስቀል ግድግዳ ከሌለ አራት እንጨት ተክላችሁ ማዕዘኖቹን እሰሩ፤ ጫፉን ከመኝታው ሥር ክተቱ።

ትኩሳት ሁሉ ኮሮና አይደለም

በረንዳ አዳሪ ሲያተኩሰው ሁሉም ሰው የወቅቱን ወረርሽኝ ብቻ ያስባል፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ሸዋሮቢት፣ አጣዬና በየቆላው ትኩሳት ሲታይ መጀመሪያ የወባ ምርመራ ይደረግ፤ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ውጤቱ ወዲያው ይታወቃል። ደጋው ላይ ደግሞ ብርድና መጠጋጋት የሚያመጡት የልብስ ቅማል አለ፤ እሱ ግርሻንና ታይፈስን ያስተላልፋል። ግርሻ ሰውን ለጥቂት ቀን አንገብግቦ ይለቀዋል፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይመለሳል። «ተሽሎኝ ነበር፣ አገረሸብኝ» የሚል ሰው ከገጠማችሁ የልብሱን ስፌት እዩ፤ ቅማሉ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝታችሁ አትስጡት። የግርሻ መድኃኒት በተወሰደ በሰዓታት ውስጥ ኃይለኛ ብርድ ብርድ ማለት፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መውረድ ሊያስከትል ስለሚችል፣ የመጀመሪያው መጠን ጤና ጣቢያ ተኝቶ እየታየ ነው የሚሰጠው።

ቅማሉን ለማጥፋት የጥጥ ልብስ በርሜል ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይፈላ። ሱፍ፣ ባና እና በርኖስ ቢፈላ ይኮማተራል፤ እሱን ወፍራም ላስቲክ ውስጥ ከትታችሁ አፉን አጥብቃችሁ እሰሩና ሁለት ሳምንት አስቀምጡት። ቅማል ከሰው ደም ተለይቶ ከሳምንት በላይ አይቆይም፤ የቀረው ጊዜ ቅጫሙ እስኪፈለፈልና የተፈለፈለውም እስኪሞት ነው። እስከዚያ ተለዋጭ ልብስ ያስፈልጋል፤ ያለ ተለዋጭ ይህን ሥራ አትጀምሩ፣ ሰው ራቁቱን አያድርም።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ አክታ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ሕክምናው በነፃ ነው። የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በእንቅስቃሴ ገደብ ምክንያት እንዳያቋርጥ፣ ጤና ጣቢያው የብዙ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ እንዲሰጠው ጠይቁለት። መድኃኒቱ ሌሊት በዝናብ እንዳይረጥብና እንዳይሰረቅ የሚያምነው ባለሱቅ ወይም የቤተ ክርስቲያን ዘበኛ ጋ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሳይዘገይ ሆስፒታል የሚያስወስዱት ምልክቶች ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት፣ የከንፈር መጥቆር፣ መቃዠት፣ ውኃ መዋጥ አለመቻል ናቸው። ባጃጅ የምትጠሩ ከሆነ የጎንና የጎን መጋረጃውን ክፈቱ፤ ሹፌሩም ታማሚውም ማስክ ያድርጉ። መታወቂያ የለውም ተብሎ እንዳይመለስ ከቀበሌው ወይም ከወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አስቀድማችሁ አጽፉ። ታማሚው ከታመመ በኋላ ደብዳቤ ፍለጋ መሮጥ ከንቱ ድካም ነው።

ውኃ፣ ሳሙና፣ ምግብ

በሚያድሩበት አካባቢ የእግር መርገጫ ያለው መታጠቢያ ስቀሉ። 5 ሊትር ጀሪካን ውሰዱ፤ በጋለ ሚስማር ከአፉ ዝቅ ብሎ አንድ ጠባብ ቀዳዳ ብሱ፣ በሁለት ባላ መካከል በተጋደመ እንጨት ላይ አንጠልጥሉት፣ ከአፉ ገመድ አውርዳችሁ መሬት ካለ እንጨት ጋር እሰሩ። እንጨቱን ሲረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ እጅ ምንም አይነካም። ለአንድ መታጠብ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ በታች ስለሚበቃ 5 ሊትሩ ቢያንስ 50 ጊዜ ያስታጥባል። ቀዳዳ ጀሪካን ደግሞ ሌባ ብዙም አይመኘውም። ደረቅ ሳሙና ግን በአንድ ቀን ይጠፋል፤ በምትኩ 30 ግራም የልብስ ሳሙና ዱቄት በ1.5 ሊትር ሃይላንድ ውኃ በጥብጡና ክዳኑን ብሳችሁ አንጠልጥሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ውኃው እጅ ስለሚያቃጥል ማንም አይታጠብም፤ ጀሪካኑን ጥቁር ቀለም ቀብታችሁ ፀሐይ የሚመታው ቦታ ስቀሉት፣ መታጠቡንም ከምሳ ጋር አያይዙት።

ሳኒታይዘር እዚህ ላይ አይመከርም። የሚጠጡት አሉ፣ ከእሳት አጠገብም ይያዛል። በረኪና ለሽንት ቤትና ለወለል ይሁን፤ 5 በመቶ የሆነውን አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ደባልቁ፣ የዕለቱን ለዕለቱ። ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አታደባልቁት፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ምግብ በየቡድኑ በላስቲክ ተቋጥሮ ይድረስ። ማብሰል ለማይችል ሰው ለአንድ ቀን ግማሽ ኪሎ ዳቦ፣ 200 ግራም በሶና 100 ግራም ቆሎ ሲደመር በዕርዳታ ሥራ መለኪያ ከሆነው 2,100 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይሆናል። ጥርስ ለሌላቸው ቆሎውን በበሶ ለውጡ። ትኩስ ወጥ ስታመጡ የጾም ይሁን፤ ሽሮ ወይም ምስር ረቡዕና ዓርብ አይልም፣ ክርስቲያን ሙስሊም አይለይም። በረመዳን ለጿሚው ከመግሪብ በፊት አድርሱለት። የበሰለ ምግብ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተበላ አትተዉላቸው፤ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በላዩ ላይ ከመጣ ሥራው እጥፍ ነው።

መጠለያ ከተከፈተ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ክፍሎቹ ለማደሪያ ይለመናሉ። 7 በ8 ሜትር የሆነ ክፍል 56 ካሬ ነው። በተለመደው መለኪያ፣ ለአንድ ሰው 3.5 ካሬ፣ 16 ሰው ይይዛል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ከ12 አታሳልፉ። የአንዱ ራስ ከጎኑ ባለው እግር ትይዩ ይሁን። ለ12 ሰው በቀን 180 ሊትር ውኃ፣ ማለትም ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስፈልጋል፤ ሽንት ቤት ለ20 ሰው ቢያንስ አንድ። ለሴቶች የተለየ ክፍል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ሽንት ቤትና ሌሊት የሚበራ መብራት ከሌለ ሴቶች አይመጡም፤ ቢመጡም አያድሩም።

አስቸጋሪው መስኮት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ «ክፈቱ» ማለት ጠብ መፈለግ ነው፣ ከተዘጋ ደግሞ የአንዱ ሳል የሁሉም ይሆናል። በትይዩ ያሉትን የላይኛዎቹን መስኮቶች አንድ ጣት ያህል ክፍት ተዉ፤ ማንም ከሥራቸው እንዳይተኛ መኝታውን አሽሹ፤ ጠዋትና ማታ ሰዎቹ ግቢ ውስጥ ሳሉ ሁሉንም ለ15 ደቂቃ በርግዱ። ከሰል ወደ ክፍሉ አይግባ፣ ቡና ለማፍላትም ቢሆን። ሽታ የሌለው ጋዙ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። በምትኩ ማታ ትኩስ ሻይ በፔርሙዝ ይዙር።

የታመመ ሰው ለብቻው ይቀመጥ፤ ለኮሮና ምልክቱ ከጀመረ ቀን አንሥቶ 10 ቀን። ሰው ከመለያ ክፍል የሚጠፋው በግትርነት አይደለም፤ የለመደው ቦታ ይወሰዳል፣ ጓዙ ይሰረቃል፣ ውሻው ይራባል። ጓዙን ስም ጽፋችሁ ቆልፉለት፣ ቦታውን የሚጠብቅለት ጓደኛውን አናግሩ፣ ለውሻውም ትርፍራፊ ይመደብ። ጠበል ሲጠመቅ የነበረውን «ተወው» አትበሉት፤ ጠበሉን በዕቃ አስመጥታችሁ ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስድ አድርጉ። አረቄ በየቀኑ ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲቆምበት በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊጥለው ይችላል። ይህ መጠጥ ሲቋረጥ የሚመጣ ሕመም የሕክምና ጉዳይ ነው፤ በር ቆልፋችሁ አትለፉት።

የኅዳር 12 ነገር ደግሞ አይረሳ። በ1911 ዓ.ም. ለገባው የኅዳር በሽታ (የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ) መታሰቢያ ሆኖ በየዓመቱ «ኅዳር ሲታጠን» ሰፈሩ ይጠረግና ቆሻሻው ይቃጠላል፤ በረንዳ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ካርቶንና ከረጢትም ቆሻሻ መስሎ አብሮ ይነድዳል። በዋዜማው ዞራችሁ መኝታቸውን እንዲያነሡ ንገሯቸው፤ የአካባቢውን ጽዳት የሚመሩትንም አስቀድማችሁ አናግሩ። የሚያስሉትን ጭስ ወደማይደርስበት አሳድሯቸው።

መጠለያው ሲዘጋ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ይነገራቸው፤ በታኅሣሥና በጥር ፈጽሞ አይዘጋ። የሚወጡት ፍራሻቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውን፣ በላስቲክ የታሸገ የክትባትና የሕክምና ካርዳቸውን ይዘው ነው። የካርዱን ቅጂ ደብተራችሁ ውስጥ አስቀሩ፤ ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠፋው ወረቀት ነው።