ሃዋይ ውስጥ ትልቅ የግቢ ዛፍ እንዴት ይያዛል?

ኦዋሁ ወይም ማዊ ደሴት ላይ ትልቅ ዛፍ ያለበት ግቢ ካላችሁ፣ አንድ ሰሞን መጋዝ የያዘ ሰው በራችሁን ማንኳኳቱ አይቀርም። «ሄሪኬን፣ አውሎ ነፋሱ፣ ሳይመጣ አናቱን ልቁረጥላችሁ» ይላል። ዋጋውም ረከስ ይላል። አመስግናችሁ ሸኙት።

እዚያ አገር ዛፍ የሚያርፍበት ብርዳማ ወቅት የለም፣ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። ሞንኪፖድ የሚባለውን ሰፊ ጥላ ያለው ዛፍ አናቱን ብትመልጡት በጥቂት ወራት ውስጥ ቀጫጭን ቀንበጥ ያጎነቁላል። ቀንበጦቹ ግን ከቅርፊቱ ሥር የበቀሉ ስለሆኑ ከግንዱ እንጨት ጋር በደንብ አልተሳሰሩም፣ ወፍረው ሲከብዱ ነፋስ ይገነጥላቸዋል፤ የተጎመደው ጫፍ ደግሞ በዚያ እርጥበት ይበሰብስና ምስጥ ይገባበታል። ለነፋስ ተብሎ የተቆረጠው ዛፍ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለነፋስ ይበልጥ ይጋለጣል ማለት ነው። የውስጡን ቅርንጫፍ ጠራርጎ ጫፍ ላይ ብቻ ቅጠል መተውም ያው ነው። ክብደቱ ሁሉ ጫፍ ላይ ይሆናል።

ታዲያ ምን ይቆረጥ? የደረቀው፣ የተሰነጠቀው፣ እርስ በርሱ የሚፋተገው። ረዝሞ ጣራ ላይ የወጣውን መሃሉ ላይ አትጉመዱት፤ ወደ ጎን የወጣ ጠንካራ ቅርንጫፍ እስካለበት ድረስ መልሳችሁ ቁረጡት። ያረጀ ዛፍ ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ ቅጠል ማንሳት ራሱን ማስራብ ነው፣ ትንሽ ትንሽ ይሁን።

ወፈር ያለ ቅርንጫፍ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ ከታች ወደ ላይ ሲሶውን ያህል ቁረጡ። ከዚያ ትንሽ ወደ ጫፍ ወጣ ብላችሁ ከላይ ወደ ታች ጨርሱት፤ የታችኛው ቁርጥ ባይኖር ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ልጥ ይዞ ይላጣል። በመጨረሻ የቀረችውን ጉማጅ አንሷት። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ሲገናኝ እብጥ ያለ ቀለበት ታያላችሁ፣ ቁስሉን የሚሸፍነው እሱ ስለሆነ ከሱ ውጭ ነው የሚቆረጠው። ቀለም መቀባት አያስፈልግም። ኦሂአ የሚባለው የአገሩ ዛፍ ግን ለብቻው ነው። በቢግ አይላንድ ደሴት ብዙ ኦሂአ የገደለው ፈንገስ በቁስል በኩል ስለሚገባ ባትነኩት ይሻላል፣ የግድ ከሆነም መጋዙን በ70 ፐርሰንት አልኮል አጽዱ፣ ቁስሉንም ድፈኑ።

ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል፣ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ ከታች ነው። ውኃ የሚስበው ሥር በአብዛኛው ላይኛው አፈር ውስጥ ነው ያለው፣ ከጥላውም አልፎ ይሄዳል። እዚያ ላይ መኪና አታቁሙ፣ አፈር አትከምሩ፣ ለቧንቧ ብላችሁ አትቁረጡት። ማዊ ላይ ላሃይና ከተማ ያለው በፈረንጅ 1873 የተተከለው ትልቁ ባንያን፣ የኛ ዋርካ ዘመድ ነው፣ በነሐሴ 2015 (በፈረንጅ ኦገስት 2023) እሳት ሲለበልበው ባለሙያዎቹ የሮጡት ወደ አፈሩ ነው፤ አናፈሱት፣ ውኃና ብስባሽ ሰጡት። በሳምንታት ውስጥ አዲስ ቅጠል አወጣ።

ጉዝጓዝም (ዛፉ ሥር የሚነጠፍ ቅጠልና የእንጨት ፍቅፋቂ) ጥሩ ነው፣ ግንዱን ሳይነካ። ግን ኦዋሁ ላይ ስስ አድርጉት። እዚያ በፈረንጅ 2013 የተገኘው የኮኮናት ባለ ቀንድ ጥንዚዛ የሚራባው እንዲህ ባለ የበሰበሰ ክምር ውስጥ ነው። ክምሩን አገላብጡ፤ አውራ ጣት የሚያህል ነጭ እጭ ካገኛችሁ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ አሳውቁ። የኮኮናቱ ቅጠል በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ቪ ቅርጽ ካወጣም ያው ነው።

ውኃውን እንደ ሰፈራችሁ ነው። ኦዋሁ ላይ ማኖአ ሸለቆ ላይኛው ጫፍ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዳችሁ ዋይኪኪ ግን ደረቅ ነው። ደረቁ ሰፈር በበጋ አልፎ አልፎ በደንብ አጠጡ፣ በየቀኑ መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል።

ኮኮናት የራሱ ሕግ አለው። ፍሬው መኪናም ሰውም ላይ ስለሚወድቅ ሳይበስል ይውረድ። የደረቀውን ቅጠል አንሱ፣ አግድም ከተዘረጋው በላይ ያለውን አረንጓዴ ግን አትንኩ። የሚወጣው ሰው ሹል ብረት ያለው ጫማ ካደረገ አስወልቁት፤ ኮኮናት ቁስሉን አይሸፍንም፣ ቀዳዳው ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል። ማንጎ ደግሞ ፍሬው ካለቀ በኋላ ይከርከም፣ ጓንት አድርጉ፣ ፈሳሹ ቆዳ ይቆጣል።

የሄሪኬን ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው። ከዚያ በፊት አንዴ ዙሩት። ግንዱ ሥር የጅብ ጥላ በቅሏል? ከነፋስ በኋላ አፈሩ በአንድ በኩል ተነስቷል? መዝመሙ ጨምሯል? አንዱ እንኳ ካለ የምስክር ወረቀት ያለው የዛፍ ባለሙያ ጥሩ፣ ኢንሹራንሱንም ጠይቁ። ኮና የሚሉት የፈረንጅ ክረምት ማዕበል ዛፉ ከለመደው ከሰሜን ምሥራቁ ነፋስ በተቃራኒ ስለሚመጣ በዚያኛው በኩልም ተመልከቱ። ዛፉ ልዩ ዛፎችን በሚጠብቀው በፈረንጅ 1975ቱ ሕግ የተመዘገበ ወይም መንገድ ዳር ያለ ከሆነ ደግሞ ሳትነኩት ካውንቲውን (የአካባቢውን አስተዳደር) ጠይቁ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካውንማ ባለ መብራት ኃይሉ ይምጣና ይቁረጠው።