አሮጌ በርሜል ውስጥ የከረመ ሻምፓኝ እንዴት ይቀመሳል

በቀጭን ረጅም ብርጭቆ በጣም ቀዝቅዞ የሚቀዳውን ሻምፓኝ ለአሁኑ እርሱት፣ ኦክሲዴቲቭ የሚባለው፣ ማለትም አየር ቀስ እያለ የነካው፣ ሌላ ነገር ነው። ወይኑ ጠርሙስ ገብቶ ጋዝ ከመያዙ በፊት ኦክ በርሜል ውስጥ ይከርማል፣ በርሜሉ ደሞ ብዙ ዓመት ያገለገለ ስለሆነ ቫኒላውና የተጠበሰ እንጨት ጣዕሙ አብዛኛው ተሟጦ አልቋል፣ የቀረለት ስራ በእንጨቱ በኩል ኦክሲጅን ትንሽ ትንሽ እያለ ማስገባት ነው። ስለዚህ እንጨት እንጨት የሚል ነገር አትፈልጉ፣ የምትፈልጉት አየር ወይኑን ምን እንዳደረገው ነው።

በርሜል የነካው ሁሉ ግን ኦክሲዴቲቭ አይደለም። ክሩግ የሚባለው የሻምፓኝ አምራች በ205 ሊትር በርሜል ያፈላና ብዙም ሳያቆየው ወደ ብረት ታንክ ያዛውረዋል። ፈረንሳይ ሻምፓኝ ክልል፣ አቪዝ መንደር ያለው ዣክ ሴሎስ የሚባል አምራች ደሞ ሱብስታንስ የሚለውን ወይን ከ1986 ጀምሮ በሶሌራ ነው የሚሰራው፣ ማለትም በየዓመቱ አዲሱን ወይን በአሮጌው ላይ እየጨመረ። ሁለቱን ጎን ለጎን የመቅመስ እድል ካገኛችሁ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል።

ከመቅመሳችሁ በፊት አፍንጫችሁን አለማምዱት። አንድ ፖም ለሁለት ቁረጡ፣ ግማሹን ወዲያው አሽትታችሁ ብሉት፣ ሌላውን ጫን ጫን አድርጋችሁ ለአንድ ሰዓት ተዉት። ቡኒ ሆኖ ለስለስ ሲል የሚሸተው ሽታ፣ እሱን ያዙት፣ አሴታልዲሃይድ የሚባለው ነገር ወይን ውስጥ የሚሰጠው እንደዛ ያለ ሽታ ነው። ከሱ ሌላ ዋልነት የሚባለው ለውዝ፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ ማር፣ አንዳንዴ ደሞ የአብሽ ሽታ ይመጣል። አብሹ ሶቶሎን ከሚባል ነገር ነው፣ አብሽ ራሱ ውስጥም ያለው እሱው ነው።

ጠርሙሱን ስትከፍቱ ግን ቀዝቃዛ ይሁን፣ ውስጡ ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት ስላለ ከሞቀ ቡሹ በኃይል ይወጣል። ቡሹን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ያዙና ጠርሙሱን አዙሩ። ከዛ ሰፋ ባለ የነጭ ወይን ብርጭቆ ሲሶ ያህል ቅዱና አትጠጡት፣ አሽቱት ብቻ፣ 12 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ጠብቁ። እኔ መጀመሪያ የቀመስኩትን ከፍሪጅ እንደወጣ በጠባብ ብርጭቆ ነበር የጠጣሁት፣ ኮምጣጣና መራራ ብቻ ሆነብኝ፣ ተበላሽቷል ብዬ ትቼው ከአንድ ሰዓት በኋላ ብርጭቆውን ላጥብ ሳነሳው የተቆላ ለውዝና የማር ሽታ ወጣ፣ ያው ወይን ነው እኮ! ከዛ ቀን ወዲህ በመጀመሪያው ጉንጭ ፈርጄ አላውቅም።

ስትጠጡ ትንሽ ጎንጭታችሁ ምላሳችሁ ላይ አቆዩት። አረፋው ከተለመደው ለስለስ ሊል ይችላል፣ አያስደንግጣችሁ። ዋናው አሲዱ ነው፣ ከለውዙ ስር ሎሚ የሚመስል የሚያነቃ ነገር አለ ወይስ የለም? ከዋጣችሁ በኋላስ ጨው ጨው እያለ ይቆያል ወይስ ወዲያው ይጠፋል? ጀርባው ላይ ያለውን ጽሁፍም እዩ፣ እርሾው ከጠርሙስ የወጣበት ቀን ከተጻፈና ገና ጥቂት ወር ከሆነው ወይኑ ዝግ ሊል፣ ማለትም ሽታው ገና ሳይከፈት ሊቀር ይችላል። ብሩት ናቱር ካለ ስኳር አልተጨመረበትም፣ በሊትር ከ3 ግራም በታች ነው ያለው፣ አሲዱ ራቁቱን ስለሚመጣ ለጀማሪ ከበድ ይላል።

የተበላሸው በምን ይታወቃል? ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይሄን ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይ ኮምጣጤ አፍንጫን ከወጋ፣ እርጥብ ካርቶን ከሸተተ ችግር አለ፣ የካርቶኑ የቡሽ ጣጣ ነው። ፖሙና ለውዙ ብቻቸውን ግን ብልሽት አይደሉም፣ ብልሽት የሚሆኑት ከስራቸው ፍሬ ሲጠፋ ነው፣ ወይኑ ደረቅ ቅጠል ቅጠል ሲልና መሃሉ ባዶ ሲሆን። ጤነኛው ብርጭቆ ውስጥ በቆየ ቁጥር ይከፈታል፣ የሞተው በ20 ደቂቃ ውስጥ ይብስበታል።

አብሮት የሚበላ ከፈለጋችሁ የቆየ ኮምቴ አይብ፣ እንጉዳይ በቅቤ ወይም የተጠበሰ ዶሮ በጣም ይሄዳል፣ ጣፋጭ ኬክ ግን አሲዱን ሻካራ ስለሚያደርገው ይቅርባችሁ። ከጠርሙሱ ሲሶውን ደሞ ለነገ አስቀሩ፣ ግፊት በሚይዝ ክዳን ዘግታችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ በማግስቱ አረፋው ቀንሶ ሽታው ይበልጥ ፍንትው ብሎ ታገኙታላችሁ።